ለሶምጋር ንጉሥ የተሰጠ መልስ

ደብረ ሲና፤ ሰኔ 12 ቀን

ለተከበሩ እትዬ ሰርካዲስ ይርዳው፤

ዕድሜዎን እንደ ወፍ ዋሻ ጥድ ያርዝመው፤ ከጣርማ በር የሚወርደው ብርድ ይቅርና ወሬው እንኳ አይንካዎ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ሀይለገብርኤል ነኝ፤ የአጎትዎ የአቶ ፍፁም የልጅ ልጅ። ወደ አሜሪካ ሊሄዱ ሲሉ በስንብቱ ዕለት ጥፍሬ ቆሽሾ አይተው ወደ ቧንቧ የላኩኝ የስድስት ዓመት ልጅ እኔ ነኝ። አሁን በከተማችን ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ ቤተ መጻሕፍቱንም የምጠብቀው እኔ ነኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ንጉሡ ደብዳቤ ነው። እርስዎን ከትምህርት እንዳያስቀሩ የሕንድ ንጉሥ ለአባትዎ ለግራዝማች ይርዳው የጻፈላቸው ደብዳቤ፣ ግራዝማች ራሳቸው በመስተዋት እንዳስገቡት፣ ዛሬ በቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔም አንድ ልማድ አበጅቻለሁ። አንድ አባት ሴት ልጁን ከትምህርት ሊያስቀር ነው ሲባል ደብዳቤውን በእጄ እገለብጣለሁ፤ «ግራዝማች ይርዳው» በሚለው ቦታ የአባትየውን ስም አስገባለሁ፤ ቤቱ ሄጄ ቆሜ አነብለታለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ልጆች በዚህ ተመልሰዋል። ሰው በስሙ ሲጠራ፣ ያውም በንጉሥ፣ ልቡ ይራራል።

ዘንድሮ ግን ጋሽ ወልዴ መጣብኝ። በመኪና መንገዱ ዳር ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ያለችው አንዲት ልጅ አምሳለ ናት። ስምንተኛን ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ጨርሳለች። «ይበቃታል፤ ምግብ ቤቱ ሰው ይፈልጋል» አለ። ደብዳቤውን ገልብጬ ሄጄ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሀይሌ፣ ይሄ ንጉሥ እኔን ብሎ ነው የጻፈው?»

«እርስዎን ብሎ ነው፣ ጋሽ ወልዴ።»

«እንግዲያ መልስ ካልሰጠሁት ባለጌ ነኝ። አድራሻውን አምጣ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። በሦስተኛው ቀን የታሸገ ፖስታ ይዞ መጣ። «ላክልኝ። የእሱ መልስ እስኪመጣ ልጄ ከቤት አትወጣም። እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ነገሩ በእኔና በንጉሡ መካከል ነው።»

እትዬ፣ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ መስከረም አጋማሽ ላይ ይዘጋል። ፖስታውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ አሜሪካ በምትሄደው በፅጌ እጅ ልኬዋለሁ። እባክዎ ንጉሡን፣ እሱ ባይኖር እንኳ የልጅ ልጆቹን፣ ፈልገው ያግኙልኝ።

ታዛዥዎ ሀይለገብርኤል


ሎስ አንጀለስ፤ ሐምሌ 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀይለገብርኤል፤

በመጀመሪያ፥ ደብዳቤህ ቀንና ወር እንጂ ዓመተ ምሕረት የለውም። የታሪክ መምህር ዓመተ ምሕረት ከረሳ ሌላው ምን ይሁን? በቀይ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። ከዚህ ቀጥሎ፥ እንደምን ሰነበትህ? አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ያስተማርካቸውን ለፍሬ ያብቃልህ። እጅህን አስታውሳለሁ። አሁንስ ትታጠባለህ?

እኔ ደኅና ነኝ። ከልጄ ከቦሰናና ከባልዋ ከወንድይፍራው ጋር፥ ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ፥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ጎዳናው ላይ በአማርኛ የተጻፉ የሱቅ ሰሌዳዎች አሉ፤ ሰባቱ ስሕተት አለባቸው። ለየባለቤቶቹ ተናግሬያለሁ። አንዱ አርሟል፤ ስድስቱ እኔን ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። ሰኔን በሙሉ ከባሕር የሚመጣ ጉም ነበር። ጠዋት መስኮቱ ነጭ ሆኖ ሲጠብቀኝ ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል፤ ሚስተር ጆሺ በትምህርት ቤታችን ደረጃ ላይ ሆኖ ደወሉን ሊመታ እጁን ያነሣ ይመስለኛል። ከዚያ አውቶቡሱ ያልፍና ጉሙ ሎስ አንጀለስ ይሆናል።

ሚስተር ጆሺ ከሕንድ አገር መጥቶ ያስተማረን ሰው ነው። የንጉሡን ታሪክ የሚነግረን ዓርብ ከሰዓት በኋላ፥ ጉሙ መስኮቱ ድረስ ሲመጣ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ደብዳቤ ብቻ አይተህ ንጉሡን ዐወቅሁት እንዳትል ልጻፍልህ።

ሶምጋር በምትባል የሕንድ ግዛት ማሃራጃው ኡዳይሴን ሲነግሥ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረ። እናትና አባቱ ሞተው ያሳደገችው አያቱ ናት። አያቱ ማንበብ አታውቅም። አንድ ቀን ሰዎች ወረቀት ይዘው መጥተው «ለቤተ መቅደሱ መብራት የዘይት ስጦታ ነው» አሏትና አውራ ጣትዋን ቀለም አስነክረው አስፈረሟት። ወረቀቱ ሰባት መንደር የሚጠጣውን ወንዝ ለሌላ አሳልፎ የሚሰጥ ነበር። ልጁ አጠገብዋ ቆሞ አይቷል፤ እሱም ገና ማንበብ አልጀመረም። አያቱ እስክትሞት ድረስ ያን አውራ ጣትዋን በጨርቅ ጠቅልላ ኖረች ይላል ሚስተር ጆሺ።

ንጉሡ ካደገ በኋላ በየመንደሩ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዝቅተኛ ናቸው የሚባሉትን ልጆች ከሌሎቹ ጋር ባንድ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠ። መጻሕፍት በበሬ ጋሪ ተጭነው ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር፤ ሕፃናቱ የበሬውን ቃጭል ሲሰሙ ይሮጣሉ። ሴቶች ልጆችን ግን አባቶች ከለከሉ። አማካሪዎቹ «ይቀጡ» አሉ። እሱ አልቀጣም። በየማለዳው እህል ሳይቀምስ ዐሥር ደብዳቤ በገዛ እጁ መጻፍ ጀመረ፤ ለዐሥር አባቶች፥ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ። ደብዳቤው ምን እንደሚል አንተም ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን መጻፍ ደስ ስለሚለኝ እጽፈዋለሁ፦

«ልጅህን ስጠኝ አላልኩህም። በቀን ስድስት ሰዓት አውሰኝ፤ ሲመሽ እመልስልሃለሁ። ካላመንኸኝ መጥተህ በኋላው ወንበር ተቀመጥ፤ እኔም እዚያ እገኛለሁ።»

እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ከትምህርት ሊያስቀረኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ይህ ደብዳቤ፥ በአማርኛ የተጻፈ፥ በሰም የታተመ፥ በሚስተር ጆሺ እጅ መጣለት። አባቴ ሦስት ጊዜ አነበበው። በማግሥቱ ጋቢውን ለብሶ ክፍል ገብቶ በኋላው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጠ፤ ከጎኑ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቶ። እኛ ፊታችንን ወደ ሰሌዳው አድርገን፥ ጆሮአችን ግን በሩ ላይ ነበር። የሕንድ ንጉሥ ይመጣል ብለን። አልመጣም። አባቴ ግን በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት አንድ ቀን እየመጣ፥ ቦታውን ትቶ፥ እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጥ ነበር። የዚያ ወንበር ጫፍ ዛሬም አንዳንዴ በሕልሜ ይመጣል፤ የተቀመጠበት ሰው እንዳለ ያህል እንጨቱ ሲያበራ።

የወልዴን ፖስታ አልከፈትኩትም። ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ አይከፈትም። የልጄ ልጅ ኤልዳና ፍለጋውን ጀምራለች። ሎንግ ቢች ሆስፒታል ትሠራለች፤ እዚሁ ነው የተወለደችው።

«አያቴ፣ ኦኬ፣ ይሄ ንጉሥ ኢሜይል አለው?» አለችኝ።

«ንጉሥ ኢሜይል የለውም።»

«ሶ እንዴት ነው ሰው የሚያገኘው?»

አባትዋ ወንድይፍራው ሆሊውድ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚሠራው፤ እሱም ከመኝታው ሆኖ፦ «እትዬ፣ እኔ በቀን ሁለት ሦስት ንጉሥ ፓርክ አደርጋለሁ፤ የፊልም ናቸው ብለው ካልጠሉ ልጠይቅልዎት» አለ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። ንጉሡን አገኘዋለሁ።

ሰርካዲስ ይርዳው


ደብረ ሲና፤ ነሐሴ 1 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርካዲስ፤

ሰላምዎ እንደ ክረምት ምንጭ ይብዛ። ያረሙልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ከጽሑፌ ቀዩ ይበዛል። ዓመተ ምሕረቱን ይመልከቱልኝ፤ ጽፌዋለሁ። እጄንም እታጠባለሁ።

አምሳለ ሽርጥ ታጥቃ ሻይ ማመላለስ ጀምራለች። ቆሎ የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ ትሪው ላይ ዘርግታ ቆማ ታነባለች፤ ተሳፋሪው «አንቺ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው፣ ሻዩ የታለ?» እያለ ይጮህባታል። ባለፍኩ ቁጥር «ጋሼ፣ ንጉሡ መለሰ?» ትለኛለች። ጋሽ ወልዴም በበኩሉ «እንዴት ነው፣ ሰውዬህ ጠፋ?» ይለኛል። ሲጠይቀኝ እያሾፈ ነው አልልም። ፖስታ ቤት በር ላይ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልድፈር። አድራሻው ካልተገኘ እርስዎ ራስዎ በንጉሡ ስም ሁለት መስመር ቢጽፉስ? በእንግሊዝኛ፣ ከአሜሪካ ቴምብር ጋር። ጋሽ ወልዴ ከየት ያውቃል? ልጅቱ ግን ትድናለች።

ታዛዥዎ ሀይለገብርኤል


ሎስ አንጀለስ፤ ነሐሴ 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሀይለገብርኤል፤

አምላክ በቤትህ ሰላም ያኑር። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ኤልዳና «ኦፍ ነኝ፣ አያቴ፤ ድራይቭ ላድርግሽ» አለችኝ። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቆ አርቴዥያ የሚባል ከተማ አለ። እኛ በፌርፋክስ እንዳለን፥ ሕንዶቹም እዚያ ፓዮኒር የሚባል ጎዳና አላቸው። ጨርቅ ቤት ሁሉ እየገባን «ሶምጋርን የሚያውቅ አለ?» አልን። ኤልዳና አፍራ ትከተለኛለች። በዘጠነኛው ሱቅ ከጥቅል ጨርቅ በስተጀርባ አንዲት በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሴት ተቀምጠው አገኘን፤ ኩሱም ይባላሉ። እኔ ስናገር ጥቂት ሰምተው ሳቁ።

«እንግሊዝኛሽን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። «የሟች አባቴ ንግግር ነው!»

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ አገር ስናገር ሰዎች ለምን ግር እንደሚላቸው ያን ቀን ገባኝ። የተናገርኩት ሁሉ በሚስተር ጆሺ አንደበት ነው ለካ። ኩሱም የሶምጋር ሰው ናቸው። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ከሒሳብ ጠረጴዛቸው በላይ በመስተዋት የተሰቀለ ወረቀት አሳዩኝ። «ንጉሡ ለአያቴ የጻፈው ነው፤ እናቴ የተማረችው በዚህ ነው» አሉና ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ አነበቡልኝ።

ልጅህን ስጠኝ አላልኩህም። በቀን ስድስት ሰዓት አውሰኝ።

ሀይለገብርኤል፥ ያው ነው። ቃል በቃል ያው ነው። ጨርቆቹ ሁሉ ከነቀለማቸው በዙሪያዬ የሚንሳፈፉ መሰለኝ፤ ኤልዳና ወንበር አመጣችልኝ። ከዚያ ጠየቅሁ፦ ዛሬ ዘሩ የት ነው? እሱስ መቼ ዐረፈ?

በእኛ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ሞቷል። አገሩም ሕንድ ነጻ ስትወጣ ከእስዋ ተቀላቅሎ ቀርቷል። ለአባቴ የመጣው ደብዳቤ የተጻፈው በ1943 ነው። ንጉሡ ከሞተ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ማኅተሙን ስገልጽላቸው ኩሱም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የንጉሡ ማኅተም እንደዚያ አይደለም። ሰሙ ላይ የታተመው የሕንድ ሳንቲም ነው። ሚስተር ጆሺ ከአገሩ ያመጣውን የንጉሡን ቃል ወደ አማርኛ መልሶ፥ የአባቴን ስም አስገብቶ፥ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ አትሞበታል። አንተ ለወልዴ ያደረግኸውን እሱ ለአባቴ አድርጎታል። ልዩነቱ አንተ ንጉሡ የሞተ መሆኑን አለማወቅህ ነው። እሱ ዐውቆ ዋሸ።

መምህር ሳለሁ የሌላ ተማሪ ደብተር ገልብጦ የመጣ ልጅ ደጅ አስቁሜያለሁ። የራሴን እኅት ልጅ በፈተና ስላታለለ አንድ ዓመት አስደግሜዋለሁ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የቆምኩበት ወረቀት ሐሰት ኖሯል።

ኩሱም ፊቴን አይተው ሻይ አስቀዱልኝ። «እሱም ቢሆን መልአክ አልነበረም» አሉ። «ለፈረሶቹ ያወጣው ገንዘብ ሌላ ዐሥር ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። የገዛ ልጁን ደግሞ በዐሥራ አራት ዓመትዋ ካልወደደችው ሰው ዳራት። ለሰው ሁሉ ልጅ ጻፈ፤ ለእስዋ አባት የሚጽፍ ግን አልነበረም።» ከዚያ ስለ ወንበሩ ነገሩኝ። ንጉሡ ያለ አጃቢ ድንገት ነበር የሚመጣው፤ በየትኛው ቀን የትኛው መንደር እንደሚገኝ ስለማይታወቅ በሁሉም ትምህርት ቤት የኋላው ወንበር ጫፍ ባዶ ይተው ነበር። ከሞተም በኋላ ለብዙ ዓመት ማንም አልተቀመጠበትም።

እንግዲህ ስለ ጠየቅኸኝ። በንጉሡ ስም አልጽፍም። አንድ ሐሰት በእኔ ላይ ይበቃል፤ በአምሳለ ላይ ሌላ አልደርብም። ለወልዴ እውነቱን ንገረው፦ ንጉሡ ሞቷል፤ ደብዳቤውን የጻፈው መምህር ነው። የእሱን ስም አስገብተህ የገለበጥከውም አንተ ነህ። ፖስታውን ሳልከፍት አስቀምጬዋለሁ፤ ባለቤቱ የሚለውን እጠብቃለሁ።

ልጅቱ ብትቀር አይቆጨኝም አልልህም። ሐሰት ግን አላስተምራትም።

ሰርካዲስ ይርዳው


ሎስ አንጀለስ፤ መስከረም 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀይለገብርኤል፤

አዲሱን ዓመት አምላክ የሰላም ያድርግልህ። ደብዳቤህ አልመጣም። ምዝገባው ተዘግቷል፤ ቀኑን ቆጥሬያለሁ።

ኤልዳና «አያቴ፣ ቴክስት እናድርገው» ትላለች። እምቢ ብያታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ ካልሆነ አልሰማም፤ በጆሮዬ ለመስማትም አቅም ያለኝ አይመስለኝም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ግን ሕልሜን ልንገርህ። ክፍላችን ነው፤ ግን መስኮቱ ወደ ፌርፋክስ ያያል። ጉም ከመንገዱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። አባቴ በኋላው ወንበር ተቀምጧል፤ ጋቢው ከጉሙ አይለይም። ሰሌዳው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ እኔ በቀይ ጠመኔ እያረምኩ ነው፤ ባረምኩ ቁጥር ይጠፋል። ሁሉን አርሜ ስጨርስ ሰሌዳው ባዶ ሆነ። ዘወር ስል አባቴም የለም፤ አንዲት ሽርጥ የታጠቀች ልጅ ብቻ ቆማለች።

የነገርኩህ ልክ ነው። አሁንም ልክ ነው እላለሁ። ግን ልክ መሆኔ እንቅልፍ አልሰጠኝም። ጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፍልኝ።

ሰርካዲስ ይርዳው


ደብረ ሲና፤ ጥቅምት 5 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርካዲስ ይርዳው፤

አምላክ ሕልምዎን በበጎ ይፍታልዎ። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። የነሐሴው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሳምንት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ምግብ ቤቱ ሄድኩ። አውቶቡስ አልነበረም፤ ጋሽ ወልዴ ሽንኩርት ይልጣል፤ አምሳለ ጠረጴዛ ትወለውላለች።

«ጋሽ ወልዴ፣ ንጉሡ ሞቷል።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «መቼ?»

«በ1933።»

«ነፍስ ይማር» አለ። ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፍቶ፦ «ታዲያ ለእኔ የጻፈልኝ ከሰማይ ቤት ነው?»

ሁሉንም ነገርኩት። ሚስተር ጆሺን፣ ሳንቲሙን፣ ኩሱም የሚባሉትን ሴት፣ የእኔን መገልበጥም። እኔ እሱ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ እጁን በሽርጡ ጠረገና ተነሣ። «ወረቀቱን አሳየኝ። ሞቶ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም።» አምሳለም ተከተለችን፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ እንደያዘች።

ቤተ መጻሕፍቱ ገብቶ መስተዋቱን ከግድግዳ ሲያወርደው የኋላው ካርቶን ለቀቀ። እትዬ፣ አባትዎ ካስገቡት ጀምሮ ያንን ካርቶን ከፍቶ ያየ የለም። ወረቀቱ ከመስተዋቱ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተገልብጦ ወደቀ። ጀርባው ላይ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ የተጻፈ ነበረበት።

«ምን ይላል?» አለ ጋሽ ወልዴ። አንሥቼ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። ወደ ልጁ ዞሮ «አንቺ አንብቢው» አላት። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ያህል ዓመት ስንተዋወቅ ማንበብ እንደማይችል አላውቅም ነበር፤ ደብቆ ኖሯል። አምሳለ አነበበችው። ገልብጬልዎታለሁ፤ የግራዝማች የእጅ ጽሑፍ ነው፦

«ይህን ደብዳቤ ላከልኝ የተባለው ንጉሥ ከሞተ ዐሥር ዓመቱ መሆኑን አዲስ አበባ አንድ የሕንድ ነጋዴ ነገረኝ። መምህሩ እንደዋሸኝ ዐወቅሁ። ልጄን ግን አላስወጣሁም። ቃሉን ደግሜ አነበብኩት፤ ቃሉ አልዋሸም። ጠዋት ወሰዱብኝ፥ ማታ መለሱልኝ። የሞተ ሰው ይህን ያህል ከለመነኝ በሕይወት ያለሁት እኔ እምቢ ማለቴ አሳፈረኝ። ወንበሩን እይዝለታለሁ። ለሰርካዲስ እንዳትነግሯት፤ መምህርዋን ታከብረዋለች። የካቲት 1944 ዓ.ም.፤ ይርዳው።»

ጋሽ ወልዴ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለ። «ዐውቆ ነው ዝም ያለው?» አለኝ።

«ዐውቀው ነው።»

«ጉድ ሽማግሌ ነው!» አለና ወጣ። ከኋላው ብጠራው አልዞረም። እንዳበላሸሁት ዐወቅሁ፤ በእርስዎም ላይ ተናደድኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። በማግሥቱ ግን መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አባትና ልጅ መጡ። መዝጋቢው «የወላጅ ፊርማ» ሲለው ጋሽ ወልዴ አውራ ጣቱን በሰው ፊት ቀለም አስነክሮ አኖረ። ከማኖሩ በፊት አምሳለን «እዚህ ላይ ምን ይላል?» ብሎ ጠይቋት ሁሉን አንብባለታለች።

ትምህርት በተጀመረ ቀን የማስተምረው ዘጠነኛ ሀ ክፍል ገባሁ። ጋሽ ወልዴ ንጹሕ ኮት ለብሶ በኋላው ወንበር ተቀምጧል። መካከሉ ላይ አይደለም፤ ጫፉ ላይ ተጠግቶ። አንዲት ዘግይታ የመጣች ተማሪ ደብተርዋን ባዶው ቦታ ላይ ልታሳርፍ ስትል እጁን ዘረጋ።

«አንሺ፣ ልጄ» አላት ቀስ ብሎ። «ሰው አለበት።»

እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጠ። ሲወጣ ስለ ፖስታው ነገረኝ። ያን ጊዜ ሰኔ ላይ እሱ እየተናገረ አምሳለ ናት የጻፈችው። እሱ ያላት ይህን ነው፦ «ለሶምጋር ንጉሥ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ስላከበርከኝ አመሰግናለሁ። ልጄን ግን አልልክም። እናትዋ የለችም፤ እስዋ ከሄደች ቤቴ ባዶ ነው። አንተ ሲመሽ እመልስልሃለሁ ትላለህ። እኔ ግን የተማረች ልጅ ማታ ስትመለስ የጠዋትዋ እንደማትሆን ዐውቃለሁ። ወልዴ።»

«ይሄን ነው ያልኳት» አለኝ። «ምን እንደጻፈች ግን አላውቅም፤ አውራ ጣቴን ብቻ ነው ያኖርኩት። ልጅ ናት፤ መማር ፈልጋለች። በእኔ ስም እሺ ብላ ጽፋ ይሆን እያልኩ ክረምቱን በሙሉ አስቤያለሁ። አልጠየቅኋትም። እትዬ ይክፈቱትና ይንገሩኝ።»

እንግዲህ ባለቤቱ ፈቅዷል።

ታዛዥዎ ሀይለገብርኤል


ሎስ አንጀለስ፤ ኅዳር 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀይለገብርኤል፤

ያስተማርክበት አፍ፥ ያነበብክበት ዓይን ይባረክ።

አባቴ «አትንገሯት» ያለውን ነገርከኝ። የሟች ትእዛዝ አፍርሰሃል። አመሰግንሃለሁ። ደብዳቤህን ለኤልዳና ሳነብላት የአባቴ ጽሑፍ ጋ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ። እስዋ የአማርኛ ፊደል በቅጡ አታውቅም፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ሆሄ በሆሄ፥ ልክ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ፥ እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። አላረምኳትም።

ሚስተር ጆሺን አሁንም አከብረዋለሁ። ዋሽቷል፤ ያንንም አልረሳም። ሁለቱም ባንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ።

የወልዴን ፖስታ ዛሬ ጠዋት ከፈትኩ። ጉም ነበረ፤ መብራት አብርቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደ ልማዴ ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ። የደብተር ወረቀት ነው፤ ጠርዙ በማስመሪያ የተቀደደ። ጽሑፉ ቀጥ ያለ ነው። ከታች ሰማያዊ አውራ ጣት አለበት።

ለወልዴ እንዲህ ብለህ አንብብለት። አንተ አታንብብ፤ አምሳለ ታንብብለት።

«ያልከውን ሁሉ ጽፋለች። ‹ልጄን ግን አልልክም› የሚለውን ከሁሉ አጥርታ ጽፋዋለች። ‹ቤቴ ባዶ ነው› የሚለውንም። በገዛ ራስዋ ላይ የተነገረውን አንድ ቃል ሳትጨምር፥ አንድ ቃል ሳትቀንስ ጽፋ፥ አውራ ጣትህን እዚያ ላይ አስቀመጠችልህ። ማታ ስትመለስ የጠዋትዋ አትሆንም ያልኸው እውነት ነው። ግን ይህችው ናት የምትመለስልህ።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ተመለከትኩት። ከዚያ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ገጠምኩና ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ሰርካዲስ ይርዳው